«ዕድሜ ማራዘሚያ»፤ ከዲትሮይት እስከ ብቸናና ሞጣ

ብቸናና ሞጣ በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ስማቸው የሚነሣው በሁለት ነገር ነው፤ አንድም በአርበኝነቱ ዘመን በበላይ ዘለቀ ምክንያት፣ አንድም በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን አልቀበልም ብሎ ባነሣው አመፅ። ያኔ ሁለቱም የየራሳቸው አውራጃ ነበሩ፤ በአመፁም ከፊት ከተሰለፉት ውስጥ ናቸው። የታሪክ ተማሪ ሆኖ ይህን ያላነበበ የለም። ከዚያ ወዲህ ግን መጽሐፉ ዝም ይላል። ዝም ባለበት ዘመን ደግሞ፣ በተለይ ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ከተማ ሁሉ በእነዚህም ከተሞች ጥይት ሳይተኮስ ወጣት ረገፈ። ስለ እልቂቱ መጻፍ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኔ የምጽፈው እልቂቱን ስለ ገታው መድኃኒት ነው፤ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ከተሠራም በኋላ አባይን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ለመድረስ ለምን ያን ያህል ዓመት እንደ ፈጀበት። መድኃኒት ሁለት ጊዜ ይሠራል ባይ ነኝ፤ አንዴ በላቦራቶሪ፣ አንዴ በገበያና በመንገድ። የመጀመሪያውን ታሪክ የሚጽፍ ሞልቷል።

ሐኪሞቹ «ፀረ ኤች አይ ቪ» ይሉታል። ሕዝቡ ያወጣለት ስም ግን «ዕድሜ ማራዘሚያ» ነው። እውነቱን ለመናገር ስሙን አልወደውም። ሞት ተፈርዶበት ይግባኝ ያለ ሰው ቀጠሮ የተሰጠው ያስመስላል። ዛሬ መድኃኒቱን በጊዜ ጀምሮ በወጉ የሚወስድ ሰው እንደ ማንኛችንም አርጅቶ ሊሞት ይችላል፤ ቫይረሱም በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከቀነሰ በግብረ ሥጋ ለሌላ አያስተላልፍም። ቢሆንም ስሙ የወጣበትን ዘመን ይናገራል። ያኔ ሰው የሚለምነው መዳንን አልነበረም፤ «ልጄ ሰባተኛ ክፍል እስኪደርስ» ያህል ጊዜ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በሽታው ከመታወቁ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ጀሮም ሆርዊትዝ የሚባል ኬሚስት በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ የካንሰር መድኃኒት ሲፈልግ በኋላ ኤ.ዚ.ቲ. የተባለውን ቅመም ሠራ። ካንሰር በያዛቸው አይጦች ላይ ቢሞከር ምንም አልፈየደም። ሆርዊትዝም የባለቤትነት መብት እንኳ ሳያስመዘግብ ትቶት ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። ቅመሙ መደርደሪያ ላይ ሃያ ዓመት ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1981 በሎስ አንጀለስ አምስት ወጣት ወንዶች ያልተለመደ የሳንባ ምች እንደ ያዛቸው ተዘገበ፤ በ1983 በፓሪስ የፓስተር ተቋም እነ ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኒዬ ቫይረሱን ለይተው አወጡ (የኖቤል ሽልማት እስኪያገኙ ግን 25 ዓመት ጠብቀዋል)። ከዚያ በኋላ በየመደርደሪያው ያለ አሮጌ ቅመም ሁሉ እየተነሣ ይሞከር ጀመር። በ1985 በበሮውስ ዌልካም ኩባንያና በአሜሪካ የካንሰር ተቋም ላቦራቶሪ ኤ.ዚ.ቲ. ቫይረሱን ሲያቆም ታየ።

እንዴት አድርጎ ነው የሚያቆመው? ይህን ለማስረዳት ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ደብረ ወርቅ ያደገ ሰው ከሕክምና ተማሪ ይልቅ ይቀርባል፤ ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ አይቷልና። ቫይረሱ መጽሐፉን የያዘው አር.ኤን.ኤ. በሚባል ጽሕፈት ነው፤ የሰው ሴል መዝገብ ግን በዲ.ኤን.ኤ. የተጻፈ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ ወደ ሴል ሲገባ የራሱን ጸሐፊ ይዞ ይገባል፤ ጸሐፊውም አንዱን ጽሕፈት ወደ ሌላው ይገለብጥና ከሴሉ መዝገብ ጋር ይጠርዘዋል። ከዚያ በኋላ ሴሉ የራሱን መጽሐፍ የሚያነብ እየመሰለው የቫይረሱን ያነባል። ኤ.ዚ.ቲ. ከዲ.ኤን.ኤ. ፊደሎች አንዱን ይመስላል። ጸሐፊው ተታሎ ይጽፈዋል፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ፊደል የሚያያዝበት ጫፍ ስለሌለው መስመሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ነገሩ ይኸው ነው፤ አንዲት የተጭበረበረች ፊደል።

በ1986 በ282 ሕሙማን ላይ ተሞከረ። ለ145ቱ መድኃኒቱ፣ ለ137ቱ ምንም የሌለበት አምሳያ እንክብል ተሰጠ። ሙከራው ሳያልቅ ሲታይ አምሳያውን ከወሰዱት 19 ሞተዋል፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት አንድ። ሙከራው ወዲያው ተቋረጠና መድኃኒቱ ለሁሉም እንዲሰጥ ተወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1987ም ለሽያጭ ተፈቀደ። ዋጋው ለአንድ ሰው በዓመት ከ8,000 እስከ 10,000 ዶላር! ካንሰር ፈላጊው ሳይንቲስት በሕዝብ ገንዘብ የሠራው፣ የመንግሥት ላቦራቶሪ ያገዘው ቅመም፣ ገበያ ሲወጣ የአንድ ከበርቴ ኩባንያ ዕቃ ሆነ። የኒው ዮርክ ሕሙማንና ወዳጆቻቸው «አክት አፕ» የሚል ማኅበር አቁመው አደባባይ ወጡ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1989 ጥቂቶቹ የአክሲዮን ገበያው አዳራሽ ውስጥ ሾልከው ገብተው ከሰገነቱ ጋር ራሳቸውን በሰንሰለት አሰሩ፤ በቀናት ውስጥ ኩባንያው ዋጋውን በመቶ 20 ቀነሰ። እንግዲህ ከላቦራቶሪው ውጭም መድኃኒት ይሠራል ያልሁት ይህን ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ኤ.ዚ.ቲ. ብቻውን ተሸነፈ። ያ የቫይረሱ ጸሐፊ የጻፈውን መልሶ አያርምም፤ አራሚ የለውም። ስሕተት ይበዛበታል። ከሚሊዮን ስሕተት መካከል አንዳንዱ ከሐሰተኛዋ ፊደል የሚያመልጥ ቫይረስ ይወልዳል፤ እሱ ይራባል፣ ሌላው ይጠፋል። በ1989 መድኃኒቱን የለመደ ቫይረስ በሕሙማን ደም ተገኘ። በ1993 ይፋ የሆነው «ኮንኮርድ» የተባለው ትልቅ ጥናት ደግሞ ሕመም ሳይሰማው ኤ.ዚ.ቲ. ቀደም ብሎ የጀመረ ሰው ዘግይቶ ከጀመረው የተሻለ ዕድሜ እንዳላገኘ አሳየ። እነዚያ ዓመታት ለሐኪሞቹም ጨለማ ነበሩ።

ጨለማው የተገፈፈው በሦስት ነው። ከ1995 መጨረሻ ጀምሮ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ወጣ፤ ይኸኛው ጸሐፊውን ትቶ መቀሱን ይይዛል። ቫይረሱ ሥጋውን የሚሠራው እንደ አንድ ረጅም ጣቃ ነውና ካልተቆረጠ ልብስ አይሆንም፤ መቀሱ ከተያዘ የሚወለደው ቫይረስ ጭንጋፍ ነው። ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ ሲሰጥ አንድ ቫይረስ ከሦስቱም በአንድ ጊዜ የሚያስመልጥ ስሕተት ማግኘት አለበት፤ ያ ደግሞ የሎተሪ ዕጣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ እንደ መውጣት ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1996 በካናዳ ቫንኩቨር በተደረገው ጉባኤ ተነገረ። በአሜሪካ በኤድስ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከ1996 እስከ 1997 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በመቶ 47 ወደቀ። ኑዛዜ የጻፉ ሰዎች ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሐምሌ 1996 በእኛ 1988 ዓ.ም. ነው። ለብቸናና ለሞጣ ሰው ይህ ዜና፣ ቢሰማው ኖሮ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነበር። የሦስቱ መድኃኒት ዋጋ በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1984 የተወሰደ ደም በኋላ ሲመረመር ቫይረሱ ተገኝቶበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታወቁትም በ1986 ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ መድኃኒቱ ሲገኝ በሽታው በየመኪና መንገዱ ወደ ገበያ ከተሞች ገብቷል፤ እኛ ዘንድም ከደጀን በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወጣው ያ ለብዙ ዘመን ጠጠር የነበረ መንገድ አለ። ሰው ሲሞት «በሳንባ ነው» ወይም «ምች መቶት ነው» ይባላል። የዕድር መዝገብ የሟቹን ስምና የወጣውን ገንዘብ ይጽፋል እንጂ የገደለውን አይጽፍም። በሽታው በስሙ የተጠራው፣ በ1990 ዓ.ም. ግድም መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት በአዲስ አበባ ተመሥርተው አባሎቻቸው «ቫይረሱ በደሜ አለ» ብለው በአደባባይ መናገር ከጀመሩ ወዲህ ነው። ይህን ማለት ያኔ ቤት ኪራይ፣ ሥራ፣ አንዳንዴም ትዳር ያስከፍል ነበር።

ስለዚህ ከ1988 ዓ.ም. በኋላ የጎደለው ሳይንስ አልነበረም። ዋጋ ነበር። ዋጋውን የሰበረው ደግሞ ከእነ ዲትሮይትና ፓሪስ ራቅ ያለ ቦታ ነው። ሕንድ በ1970 ባወጣችው ሕግ የመድኃኒት ባለቤትነት የሚጠበቀው ለአሠራሩ ዘዴ እንጂ ለዕቃው አልነበረም፤ በሌላ ዘዴ ከሠራኸው ያንተ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ኃላፊ ዩሱፍ ሐሚድ ሦስቱን መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት 350 ዶላር ልስጥ አለ። ኋላም ሦስቱን በአንድ እንክብል ጠቅልሎ ሠራ፤ ጧትና ማታ አንድ አንድ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ መንግሥት ላይ የመሠረቱትን ክስ አፍረው አነሡ፤ በኅዳር ደግሞ በዶሃ የተሰበሰቡት የንግድ ሚኒስትሮች የሕዝብ ጤና ከባለቤትነት መብት እንደማያንስ ተስማሙ። ከ10,000 ወደ 350! ቅመሙ ያው ነው፤ ፋብሪካው ነው የተለወጠው። ታዲያ የቀረው 9,650 ዶላር የምን ዋጋ ነበር?

የኢትዮጵያ መንግሥት የመድኃኒቱን አቅርቦትና አጠቃቀም ፖሊሲ ያወጣው በ1994 ዓ.ም. ነው። በ1995 ሕክምናው በክፍያ ተጀመረ፤ በክፍያ ማለት በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ፣ ከኪስ ማለት ነው። በሬ ሸጦ የሦስት ወር ይገዛል፤ ከዚያስ? መድኃኒቱን አንዴ ጀምሮ ማቋረጥ ደግሞ ለቫይረሱ ትምህርት መስጠት ነው። ከዚያ የግሎባል ፈንድና የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ መጣና በጥር 1997 ዓ.ም. ሕክምናው በነፃ እንዲሰጥ ታወጀ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የጀመሩት ሰዎች ቁጥር ከመቶ ሺህ አልፏል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለታሪክ ተማሪዎች የምትሆን አንዲት ነገር ልጨምር። በአዲስ አበባ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በየመካነ መቃብሩ የሚቀበረው ሰው ሁሉ፣ ዕድሜውና ፆታው፣ ዘመድም ገደለው የሚለው ነገር፣ በመቃብር ሠራተኞች ይመዘገብ ነበር። ያንን መዝገብ የመረመሩ ሰዎች በ1999 ዓ.ም. የኤድስ ሞት ግማሽ ያህል ቀንሶ አገኙት። እስከዚያ ድረስ የመቃብር ዘበኛ መዝገብ የታሪክ ምንጭ ነው ብሎ ያስተማረን አልነበረም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ነፃ ተባለ ማለት ደረሰ ማለት አልነበረም። መጀመሪያ የሚሰጠው በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው፤ ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከብቸና ደብረ ማርቆስም ቢሆን በእግር የሚደረስ አይደለም። ለመጀመር ደግሞ ሲዲ ፎር የሚባለው የደም ወታደር ቁጥር ከ200 በታች መውረድ ነበረበት፤ ማለትም ሰውየው እስኪደክም መጠበቅ። ደምን የሚቆጥረው መሣሪያ በየከተማው ስላልነበረ የደሙ ናሙና ራሱ መኪና ይሳፈር ነበር። ይህን ቋጠሮ የፈታው አዲስ ቅመም አይደለም፤ ነርስ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ብቻ ያዝዘው የነበረውን የጤና መኮንንና ነርስ እንዲያዝዙት ተፈቀደና ሕክምናው ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎችም ሠልጥነው የቀጠሮ ቀን የቀረውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው የሚፈልጉ ሆኑ። ፍለጋው ቀላል አይምሰላችሁ፤ ዘመድ እንዳያየው ብሎ ሩቅ ከተማ ካርድ የሚያወጣ፣ ስሙን የሚለውጥ ብዙ ነበር።

ከዚያ ጠበሉ አለ። በጎጃም ስለ መድኃኒት ጽፎ ጠበልን የዘለለ ሰው ጎጃምን አያውቅም። ብዙ ሕሙማን ጠበል ሲገቡ እንክብሉን ይተዉ ነበር፤ ሁለቱን መቀላቀል እምነት ማጉደል ይመስላቸዋል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን መውሰድ ጠበል ከመጠመቅ ጋር እንደማይጋጭ በይፋ ተናገሩ። እንደ እኔ ግምት ይህች አንዲት ቃል ከብዙ ፖስተር ትበልጣለች፤ ሐኪም ሊናገራት አይችልምና።

መድኃኒቱ ራሱም ያኔ የዋህ አልነበረም። የመጀመሪያው የነፃ ቅንብር ስታቩዲን የሚባል ነበረበት። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፤ ነገር ግን እግርን ያቃጥላል፣ የጉንጭን ሥብ አቅልጦ ፊትን ያጎደጉዳል። ሰው ከሞት ድኖ ፊቱ ያሳብቅበት ጀመር። በሀብታም አገር ሐኪሞች እየተዉት እኛ ጋ ሲሰጥ ቆየ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር የመከረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ቴኖፎቪር የተሻለ መሆኑ ከ2001 ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ቼኩ ኬሚስት አንቶኒን ሆሊ ካገኛቸው ቅመሞች አንዱ ነው። እዚህም ላይ ያ የዋጋ ነገር ተደገመ።

የእኔ ዕድሜ ልጆች የተወለድነው ልክ በዚያ ሰዓት፣ ክፍያው ወደ ነፃ ሲዞር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተወለደና ከሁለት ዓመት በኋላ የተወለደ ልጅ እናት የማግኘት ዕድላቸው አንድ አልነበረም። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ የደም ቁጥሯ ሳይጠየቅ መድኃኒቱን እንድትጀምር ተደረገ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ለማንኛውም ሰው በታወቀበት ቀን መጀመር ደንብ ሆነ። ዛሬ በአገሪቱ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ይወስደዋል። ቅንብሩ በዶሉቴግራቪር ላይ የቆመ አንድ እንክብል ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ። ግሎባል ፈንድ በ2023 ለአንድ ሰው የዓመቱን ዋጋ ከ45 ዶላር በታች አውርዶታል። ከ2010 ዓ.ም. ግድም ወዲህም የጸና ሰው የስድስት ወር እንክብል በአንድ ጊዜ ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ሲታሰብ ወረፋን ለመቀነስ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ጦርነት ሆኖ መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ፣ የስድስት ወር ስንቅ ሌላ ትርጉም አገኘ።

ገንዘቡ ግን እስከ ዛሬ የእኛ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን ቀጥ እንዲል ፈረሙ። በሳምንቱ ሕይወት አድን ሕክምና ይቀጥል የሚል ፈቃድ ቢወጣም፣ የጤና ሚኒስቴራችን በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የ5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። እንክብሉ መጋዘን ውስጥ አለ፤ የሚመዘግበውና ቤት ለቤት የሚፈልገው ሰው ነው የተቀነሰው። ከላይ ቋጠሮውን ፈታ ያልሁት ያው ሰው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ሌናካፓቪር የተባለ መርፌ ለመከላከያነት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ለሕክምና ከ2022 ጀምሮ ይሠራበት ነበር። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ከተወጉት 2,134 ሴቶች አንዲት እንኳ ቫይረሱ አልያዛትም። ሲፈቀድ የአሜሪካ ዋጋው በዓመት 28,218 ዶላር ነበር። ፈቃድ የተሰጣቸው የሕንድ ፋብሪካዎች ከ2027 ጀምሮ በ40 ዶላር ለ120 አገሮች እንደሚያቀርቡት ተነግሯል፤ ኢትዮጵያም በዝርዝሩ ውስጥ አለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ ነውና፣ ለሞጣ መንገድ ከእንክብል ይልቅ ይስማማው ነበር።